ቀለሙ እስኪደርቅ

ጭምቷ የውበት ሳሎኑን ለቃ ቤት ለቤት እየዞረች ጥፍር የመሥራት የራሷን ሥራ ስትጀምር ብዙ ነገር አስባ ነበር። ዝናቡን አስባለች፤ ደረጃውን አስባለች፤ ውሻ ያለበትን ግቢ አስባለች፤ የእግር መዘፍዘፊያ ሳፋዋ ታክሲ ውስጥ የሰው ጉልበት ላይ ሲያርፍ የሚመጣውን ግልምጫ ሳይቀር አስባለች። አንድ ነገር ብቻ አላሰበችም፤ የጥፍር ቀለም እስኪደርቅ ድረስ ሴት በገዛ ቤቷ ቁጭ እንደማትል።

ውበት ሳሎኑ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ስትሠራ ይህ ችግር ሆኖባት አያውቅም። እዚያ የተቀባች ሴት ጣቶቿን ዘርግታ ትቀመጣለች። የሚገነፍል ድስት የለ፣ የሚያለቅስ ልጅ የለ፣ የሚንኳኳ በር የለ። ስለዚህ ጭምቷ ሴቶች ቀለማቸው እስኪደርቅ መቀመጥ ይችላሉ ብላ አምና ኖረች። ሞኝነቷ እዚህ ላይ ነው የጀመረው።

ጭምቷ ብለው ስም ያወጡላት የሳሎኑ ልጆች ናቸው። በክፋት አይደለም፤ እውነትም ቃል ከአፏ የሚወጣው በመከራ ነው። ሳሎን ውስጥ ደግሞ እጅ ብቻ አይበቃም፤ ምላስም የሥራ ዕቃ ነው። ከጎኗ የምትቀመጠው ቀጭኗ ልጅ ጥፍር ስትሞርድ ዳር ዳሩን ታበላሸዋለች፤ ግን ወሬዋ ስለሚጥም ደንበኛ ወረፋ ይዞ ይጠብቃታል። ጭምቷ አሥሩንም ጥፍር አሳምራ፣ «ጨረስኩ» ብላ ዝም ትላለች። ዝም ያለን ሰው ደግሞ ማን ያስታውሰዋል። በዚያ ላይ ሙዚቃው፣ የፀጉር ማድረቂያው ጩኸት፣ የእትዬ ድምፅ። እትዬ የሳሎኑ ባለቤት ናት፤ ስታወራም ስትቆጣም ድምፅዋ አንድ ነው።

አንድ ቀን አንዲት ደንበኛ «ምናለ ቤቴ እየመጣሽ ብትሠሪልኝ» ስትላት ጭምቷ ሌሊቱን ሙሉ ስታስበው አደረች። አንድ ቤት፣ አንዲት ሴት፣ ጸጥታ። ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለች?

እትዬ ነገሩን ስትሰማ አልተቆጣችም። ሳቀች፤ ይኼ ደግሞ ከቁጣው ባሰ።

«ሂጂ፣ ሞክሪው እስኪ» አለቻት። «ወንበርሽን እስከ ወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ ማንም አይነካውም። በዚያ ቅዳሜ ጠዋት ካልመጣሽ ግን የእህቴን ልጅ አስቀምጥበታለሁ። ከዚያ ወዲያ እግሬ ላይ ብትወድቂም የለሁበትም።»

አራት ሳምንት ማለት ነው። በአራት ሳምንት ሥራው መተዳደሪያ ካልሆናት ወደዚያ ወንበር፣ ወደዚያ ጩኸት፣ አንገቷን ደፍታ መመለስ ነው። እትዬም የሳቀችውን ሳቅ በየቀኑ ልትደግምላት ነው።

ታላቅ እህቷ ልብስ ሰፊ ናት። አንድ ክፍል ውስጥ ነው የሚኖሩት፤ ግማሹን የስፌት መኪናው ይዞታል። ማስታወቂያውን የጻፈችላት እሷ ናት፤ ጭምቷ የራሷ የእጅ ጽሑፍ ያሳፍራታል። «የእጅና የእግር ጥፍር ቤትዎ ድረስ መጥተን እንሠራለን» ይላል ወረቀቱ።

«ለምን እንሠራለን አልሽ? ብቻዬን እኮ ነኝ» አለች ጭምቷ።

«ዝም በይ። አንድ ከሆንሽ ይንቁሻል፤ ብዙ ከሆንሽ ያከብሩሻል።»

ውጤቱ ምን ሆነ? የሄደችበት ቤት ሁሉ በር የሚከፍተው ሰው በትከሻዋ ላይ አሻግሮ ያያል። «ሌሎቹስ?» ይላታል። ጭምቷ ሳፋዋን እንዳቀፈች «ይመጣሉ» ትላለች። ለምን እንደምትዋሽ እሷም አታውቅም።

የመጀመሪያዋ ደንበኛ ባንክ የምትሠራ ሴት ነበረች፤ አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የሌለው። ጭምቷ ሳፋውን፣ ፎጣውን፣ የመሣሪያ ቦርሳውን ተሸክማ ስትደርስ ትንፋሿ ከኋላዋ ገና ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ሴትየዋ ደማቅ ቀይ መረጠች። ጭምቷ ሞረደች፤ በጥፍሩ ዙሪያ ያለውን ቆዳ ገፋች፤ አንድ ጊዜ ቀባች፤ ደገመች። ጸጥታው ደስ ይል ነበር።

«አሁን ሃያ ደቂቃ ምንም እንዳይነኩ» አለቻት።

«ምን እነካለሁ ብለሽ ነው» አለች ሴትየዋ፤ ተነሥታም ድስት ከደነች።

ሦስት ጥፍር ሄደ። ጭምቷ በቀለም ማስለቀቂያው በአሴቶን ጠረገችው፤ እንደገና ቀባች። ስልክ ጠራ። «አይንኩት» ብላ ሳትጨርስ ስልኩ ጆሮ ላይ ደርሷል። ሁለት ጥፍር። ጠረገች፤ ቀባች። በር ተንኳኳ። አውራ ጣት። ጠረገች፤ ቀባች። አንድ ሰዓት ይፈጃል ያለችው ሥራ ሦስት ሰዓት በላባት። በማግስቱ ሴትየዋ ደወለች።

«ያ ቀለምሽ አይረባም» አለቻት። «ድንች ልልጥ ብዬ ከድንቹ ቀድሞ እሱ ተላጠ።»

ጭምቷ ከዚህ የተማረችው ትምህርት ነው የጎዳት። ሌላ ሰው ቢሆን «ካልተቀመጡ አልቀባም» ይል ነበር። እሷ ግን እምቢ ማለት ስለማይሆንላት ሌላ ዘዴ ፈጠረች። ሁለተኛ ቤት ስትሄድ፣ ሴትየዋ ገና ከወንበሯ ብድግ ማለት ስትጀምር «ይቀመጡ፣ ድስቱን እኔ እከድነዋለሁ» አለቻት። ዘዴው ሠራ። ቀለሙ ደረቀ፤ አንድም ጥፍር አልተበላሸም። ጭምቷ ሽንኩርቱን አማስላ፣ በር ከፍታ፣ የሕፃን አፍንጫ ጠርጋ ስትወጣ መንገዱን አገኘሁት ብላ ደስ አላት።

ወሬ ይበርራል። እርግጥ ስለ ጥፍሯ አይደለም።

የመንታዎቹ እናት የምትባል ደንበኛ መጣች። «ማክሰኞ ማክሰኞ ነይልኝ» አለቻት። ቋሚ ደንበኛ ማለት ነው፤ ጭምቷ በደስታ ለእህቷ ሦስት ጊዜ ነገረቻት። የመጀመሪያው ማክሰኞ ጥፍሩ ከተቀባ በኋላ «ያቺን የልብስ ባልዲ ብቻ ወደዚያ» ተባለች። በሁለተኛው ማክሰኞ ባልዲዋ ሁለት ሆነች። በሦስተኛው ማክሰኞ ጭምቷ በረንዳ ላይ ቆማ፣ የልብስ መቆንጠጫ በጥርሷ ይዛ የመንታዎቹን ሱሪ ስታሰጣ፣ ሴትየዋ ጣቶቿን ዘርግታ፣ በትከሻዋና በጆሮዋ መካከል ስልክ አጣብቃ ከጓደኛዋ ጋር ስታወራ ሰማቻት።

«ኧረ አልደከመኝም፤ ለልብስ ቀን የምታግዘኝ ልጅ አግኝቻለሁ። ጨዋ ናት፤ ጥፍርም ትሞካክራለች።»

ጭምቷ መቆንጠጫው አፏ ውስጥ ስለነበር ምንም አላለችም። ባይኖርም ምንም አትልም ነበር፤ ያበሸቃትም ይኸው ነው። ዘጠኝ ዓመት ጥፍር ስትሠራ ኖራ፣ ጥፍርም ትሞካክራለች!

በዚህ መሐል ሌሎቹም በየፊናቸው አበሳዋን አሳይተዋታል። አንዷ ቀጥራት ስትሄድ በር አልከፈተችም፤ የቴሌቪዥኑ ድምፅ ግን እስከ ደረጃው ይሰማል። አንዷ ቤት ውሻው የጣት መለያያውን ስፖንጅ በላውና፣ ባለቤቲቱ «ለምን አስቀመጥሽለት» ብላ ጭምቷ ላይ አፈጠጠችባት። የባንኳ ሴት ዳግመኛ አልጠራቻትም።

ረቡዕ አመሻሽ ላይ፣ ቅዳሜ ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ እህቷ የስፌት መኪናውን አቆመች።

«ጥፍር ሠሪ ሆነሽ ወጥተሽ ልብስ አጣቢ ሆነሽ ገባሽ» አለቻት። «እስኪ ነይ። እኔ ደንበኛ ልሁን፤ አንቺ እምቢ በይ። እህትዬ፣ ቀለሜ እርጥብ ነው፤ ያንን ባልዲ ታነሽልኛለሽ?»

ጭምቷ አሰበች። «እ… አሁን እንኳ… ትንሽ…»

«እምቢ በይ አልኩሽ።»

«እምቢ። ይቅርታ።»

«ይቅርታውን ማን ጠየቀሽ? እንደገና። እህትዬ፣ ሞቼ እገኛለሁ፣ ያንን ባልዲ።»

አራተኛው ሙከራ ላይ ጭምቷ ባልዲውን አንሥታ መሐል ቤት ቆማ ነበር። እህቷ ባልዲውን አየች፤ እሷን አየች፤ ክሯን መርፌ ውስጥ ማስገባት ጀመረች።

«ተይው» አለች። «አንቺ ለእትዬ ወንበር ነው የተፈጠርሽው።»

በማግስቱ አንዲት የትምህርት ቤት ጸሐፊ አስጠራቻት። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ከሽማግሌ አባቷ ጋር የምትኖር ዝምተኛ ሴት ናት። ጭምቷ ተስፋዋን ቤት ጥላው ነው የሄደችው። ስትሞርድም ስትቀባም የምታስበው ቅዳሜ ሳሎን ስትገባ እትዬ ምን እንደምትላት ነበር። ሁለተኛውን ቅብ እንደጨረሰች ከውስጠኛው ክፍል ድምፅ መጣ።

«አንቺ ልጅ፣ መነጽሬ ወደቀ።»

ጸሐፊዋ ልትነሣ ስትል ጭምቷ «ይቀመጡ፣ እኔ አነሣዋለሁ» አለች። ወዲያው ምላሷን ነከሰች። ትናንት እኮ ነው የተለማመደችው። ሃያ አራት ሰዓት እንኳ አልሞላውም።

ሽማግሌው አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ጡረታ የወጡ ቀያሽ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ መሬት ሲለኩ በእግራቸው የኖሩ ሰው። መነጽሩ አልጋው ሥር ገብቷል። ጭምቷ ተንበርክካ እጇን ስትሰድድ ዐይኗ ነጠላ ጫማቸው ላይ አረፈ። የእግራቸው ጥፍር እንደ በግ ቀንድ ተጠምዝዟል፤ እንደ ዛፍ ቅርፊት ወፍሯል። የትልቁ ጣት ጥፍር አድጎ አድጎ ጎረቤቱ ላይ ተኝቷል።

ሽማግሌው እግራቸውን ሰብሰብ አድርገው ብርድ ልብስ ሳቡበት።

«መነጽር ነው ያልኩሽ» አሉ።

«አየሁት።»

«መነጽሩን?»

«እግርዎን» አለች ጭምቷ። «አባባ፣ ይህ ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለቻቸው።

በሩን አዩ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ጎንበስ ማለት ካቃተኝ ጀምሮ። ጫማ እምቢ ካለኝ ስምንት ወሩ ነው።»

«ልጅዎ አያውቁም?»

«ጉልበቴን ነው የሚያመኝ ብያታለሁ። ሁለት ሐኪም ጉልበቴን አየ። ሁለቱም የጎረምሳ ጉልበት ነው ያለህ አሉኝ።»

«ታዲያ ለምን እውነቱን አይነግሯቸውም?»

«ምን ብዬ? ስንት አገር በእግሩ የለካ ሰው ጥፍሩን መቁረጥ አቃተው ልበላት? መነጽሬን ስጪኝና ውጪ።»

ጭምቷ ተናደደች። አራት ሳምንት ሙሉ ሃያ ደቂቃ ቁጭ ማለት ያቃታቸው ሰዎች ሲያቃጥሏት ከረሙ። እዚህ ደግሞ በአሥር ጥፍር ምክንያት ስምንት ወር ቁጭ ያለ ሰው አለ።

«ሳፋዬን ላምጣ» አለች። እየጠየቀቻቸው አልነበረም።

ለብ ያለ ውኃ ሞልታ፣ ሳሙና ጨምራ፣ እግራቸውን ነከረችና በሩን ዘጋችው። ጥፍሩ እስኪለሰልስ ግማሽ ሰዓት ያስፈልገዋል። ሽማግሌው በዚያ ግማሽ ሰዓት ውስጥ «ሞቀ» አሉ፣ «በረደ» አሉ፣ «ሳሙናው ሽታው የሴት ነው» አሉ። ከውጭ የልጅቱ ድምፅ መጣ።

«አባዬ፣ ምንድን ነው የምትሠሩት?»

«መነጽር እየፈለግን ነው።»

«እስካሁን?»

«ትንሽ መነጽር ነው።»

የበሩ እጀታ ላይ እጅ ያረፈ መሰለ። ጭምቷ ፈጠን ብላ «ቀለሙ ደርቋል?» አለች።

«ኧረ ገና ነው።»

«እንግዲያው በሩን እንዳይነኩ።»

እጀታው ተመለሰ። ለመጀመሪያ ጊዜ እርጥብ ቀለም ለአንድ ነገር ጠቀማት።

ከዚያ መቁረጡ መጣ። ትንሿ መቁረጫ ጨርሶ አልነክስ አለች፤ ጭምቷ የሽቦ መቁረጫ የሚመስለውን ትልቁን አወጣች። የመጀመሪያው ቁራጭ ተወንጭፎ ግድግዳው ላይ ጠብ አለ።

«ወደ ራዲዮኔ አታስወንጭፊ» አሉ ሽማግሌው። መነጽራቸውን አድርገው ቁልቁል ያያሉ፤ የድሮ ሥራቸው ተመልሶ መጥቶባቸዋል። «ወደ ቀኝ ሁለት ሚሊ አስቀሪ። ይኼ መስመር ቀጥ አላለም።»

«ጣትዎም ቀጥ አላለም» አለች ጭምቷ።

ሽማግሌው በመነጽራቸው ላይ አዩዋት። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ጊዜ መስመር አላረሙም።

ዘጠኙ ጥፍር አለቀ። አሥረኛው፣ የግራ እግራቸው ትንሹ ጣት፣ ጥፍሩ ሥጋ ውስጥ ገብቶ ጣቱ ቀልቶ አብጧል። ጭምቷ መሣሪያዋን አስቀመጠች።

«ይህንን አልነካውም። ሐኪም ይየው።»

«ዘጠኙን ቆርጠሽ አንዱን ትተይዋለሽ? ጨርሺው እንጂ።»

«አልነካውም፣ አባባ።»

«እኔ ባለቤቱ ቁረጪው እያልኩሽ ነው።»

«እኔ ደግሞ አልቆርጥም እያልኩዎት ነው። ጉልበትዎን ለሁለት ሐኪም ካሳዩ ጣትዎን ለአንዱ ማሳየት ምን ይከብዳል?»

 ጭምቷ በራሷ ደነገጠች። ለባልዲው እምቢ ያላለ አፍ ለጣቱ እምቢ አለ። በኋላ ስታስበው ምክንያቱ ቀላል ነበር። ባልዲ ማንሣት ሥራዋ ስላልነበረ ምን እንደምትመልስ አታውቅም። ጥፍር ግን ታውቃለች፤ የምታውቀው ነገር ላይ ማፈር አይመጣባትም።

ልጅቱ በመጨረሻ ትዕግሥቷ አልቆ በሩን ስትከፍት አባቷ ጫማ አድርገው ክፍሉን በእርምጃ እየለኩ ነበር።

«ጉልበትህስ?» አለች።

«ጉልበቴ ምን ሆነ?» አሉ ሽማግሌው።

ልጅቱ ቅድም እጀታውን ስትነካ ሁለት ጥፍር አበላሽታ ነበር። ጭምቷ ጠረገች፤ እንደገና ቀባች።

ዓርብ ጠዋት ስልኳ መጥራት ጀመረ። ቀያሹ ስምንት ወር ያልወረዱትን ደረጃ ወርደው፣ ከሕንጻው በር አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ከእኩዮቻቸው ጋር ተቀምጠው እንደነበር በኋላ ነው ያወቀችው። ምን እንዳሉ አይታወቅም፤ ግን የሚደውሉት ሁሉ ወፍራም የሽማግሌ ድምፅ ያላቸው ናቸው፤ ሁሉም ለራሳቸው አይደለም የሚደውሉት።

«ስለዚያ ነገር ነበር» አሉ አንዱ።

«የትኛው ነገር?»

«የእግር ነገር። ለጓደኛዬ ነው።»

«እሺ። ጓደኛዎ መቼ ይመቻቸዋል?»

«ልጆቼ ቤት በማይኖሩበት ሰዓት» አሉ ሰውየው፤ እንዳመለጣቸውም አላወቁ። «ደግሞ ያንን ሳፋ በከረጢት ሸፍኚው። ጎረቤት ያያል።»

እንዲህ ያሉ ሦስት ሰዎች ደወሉ። አንዱ መንገዱን በሹክሹክታ ስለነገሯት ሦስት ጊዜ አስደግማቸዋለች። አንዱ «በሩን አታንኳኪ፣ ሳል በይ» ብለዋታል። ጭምቷ ከሴቶቹ እሳት ሸሽታ ወደ ሽማግሌዎቹ ረመጥ እንደገባች ታያት።

ከሰዓት በኋላ የመንታዎቹ እናት ደወለች። «ነገ ነይልኝ፤ የአልጋ ልብስ ሁሉ ወጥቷል፤ ጥፍሬንም በዚያው።»

ጭምቷ ስልኩን ይዛ ተቀመጠች። «ለጥፍር ከሆነ እመጣለሁ» አለች። «ቁጭ የሚሉ ከሆነ። ልብሱን ግን አላሰጣም።»

«እንዴ፣ ምን ነካሽ?»

«ምንም አልነካኝም። ጥፍር ነው የምሠራው።»

ሴትየዋ «ጨዋ መስለሽኝ ነበር» ብላ ዘጋችው። ያለቻት አንድ ቋሚ ደንበኛ እሷ ነበረች።

እህቷ በጣቷ ቆጠረች። «ሦስት ሽማግሌ ቀሩሽ። የሽማግሌ ጥፍር ደግሞ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው። ከቆረጥሽላቸው ሁለት ወር አይፈልጉሽም። ነገ ጠዋት ተነሥተሽ ወንበርሽ ላይ ብትቀመጪ ማንም አይፈርድብሽም፤ እኔም አልስቅብሽም።»

ምክሩ ትክክል ነበር። ጭምቷም ትክክል መሆኑን አልካደችም። «ለጠዋት ሁለት ሰዓት ቀጠሮ ይዣለሁ፤ እሱን ልጨርስና አያለሁ» ብላ ተኛች።

ቅዳሜ ጠዋት ሳፋዋን በከረጢት ጠቅልላ፣ በሩ ላይ ሳል ብላ፣ «ለጓደኛዬ ነው» ካሉት ሰውዬ ቤት ገባች። ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። ጓደኛ የሚባል ሰው ቤቱ ውስጥ አልነበረም። እሳቸውም አላነሡት፤ እሷም አልጠየቀች። እግራቸው የቀያሹን እግር የሚያስመሰግን ነበር። እንደ ቀያሹ መስመር አያርሙም፤ ግን መቁረጫው በቀረበ ቁጥር እግራቸውን ይሰበስባሉ። ሳፋው ሁለት ጊዜ ተገለበጠ።

«ምንም አላደረግኩዎትም እኮ፣ ጋሼ።»

«ልታደርጊ ነው።»

ሁለት ጣት ጨርሳ ሦስተኛውን እንደጀመረች ስልኳ ጠራ። እጇ እርጥብ ስለነበር በክንዷ ነክታ ድምፁን ከፈተችው። የፀጉር ማድረቂያ ጩኸትና የእትዬ ድምፅ አንድ ላይ ክፍሉን ሞሉት።

«የት ደረስሽ? የእህቴ ልጅ እዚህ ቆማለች። ወንበርሽን አቧራውን አስጠርጌልሻለሁ።»

ጭምቷ የሒሳብ መምህሩን እግር ጭኗ ላይ እንደያዘች ቀረች። ሦስት ሽማግሌ። ከእነሱ ሌላ ሳል እያሉ የሚገቡበት ስንት ቤት እንዳለ አታውቅም፤ ይኖር እንደሆነም አታውቅም። እዚያ ወንበሩ ተጠርጎ ይጠብቃታል።

«ሥራ ላይ ነኝ» አለች።

«ሥራሽን ጨርሰሽ ነይ ማለት አልችልም። አዎ ወይ አይደለም በይኝ። ትቀመጥ?»

ጭምቷ የሦስተኛውን ጣት ጥፍር አየችው። ግማሹ ተቆርጧል፤ ግማሹ ስለት ሆኖ ቆሟል። አሁን ትታው ብትሄድ ሰውየው ካልሲ እንኳ ማድረግ አይችሉም።

«ትቀመጥ» አለች።

 «ጥጋብ ነው» አለች እትዬ፤ ስልኩም ተዘጋ።

«ማን ነው የሚቀመጠው? እኔን ነው?» አሉ የሒሳብ መምህሩ፤ ይህንን እያሉም እግራቸውን ሰበሰቡ፤ ሳፋው ለሦስተኛ ጊዜ ተገለበጠ።

ጭምቷ ውኃው ቀሚሷ ላይ ሲወርድ ዐይኗን ጨፍና ጠበቀች። ከዚያ እግራቸውን ከተደበቀበት ስባ አወጣችው፤ ቁርጭምጭሚታቸውን በብብቷ ሥር አጥብቃ ያዘችው።

«አይንቀሳቀሱ» አለቻቸው። «ሰባት ጥፍር ተኩል ይቀረናል።»